ትንሿን መኪና ማን ናቃት?

በመስቀል ሰሞን ሆሳዕና መሐል አስፋልቱ ዳር ለቆመ ሰው የሚታየው ብዙ ነው። ያሆዴን ከወላጆቹ ጋር ሊያከብር ከአዲስ አበባ የወረደው፣ ከደቡብ አፍሪካ በአየር ተሳፍሮ የመጣው፣ ከዱራሜና ከሺንሺቾ ዘመድ ሊጠይቅ የተሻገረው ሁሉ መኪና ላይ ነው። መኪናው ደግሞ መኪና ብቻ አይደለም፤ የባለቤቱ የምስክር ወረቀት ነው። ከኮፈኑ እስከ ቸርኬው ታጥቦ የሚያብረቀርቅ፣ መስታወቱ የጠቆረ፣ ሙዚቃው ከሩቅ የሚሰማ። የሠፈሩ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ እንኳ በድምፁ «ይኸኛው ላንድክሩዘር ነው፤ ያኛው ፒክአፕ ነው» ብሎ ይለያል። ከነዚህ መሐል አንዲት አጭር ትንሽ መኪና ብቅ ስትል ግን ፊቱን ያዞራል። «ምነው? ያን ያህል ዓመት ቆይቶ ይቺን ብቻ?» ይላል።

እኔ ዛሬ ጠብ የምገጥመው ከዚህች «ይቺን ብቻ» ከምትባል ንግግር ጋር ነው። ከአንባቢዎቼ መሐል የሚቀየመኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ይሁን።

ነገሩን ከመነሻው ልያዘው። አንድ አብሮ አደጌ ለመስቀል ሀቢቾ መጣ። አሥራ ሁለት ዓመት ጆሃንስበርግ ዳርቻ፣ «ስፓዛ» በሚሏት የብረት ፍርግርግ ባላት ሱቅ ውስጥ ቆሞ የኖረ ልጅ ነው። አዲስ አበባ እንደገባ አዲስ የኤሌክትሪክ መኪና ገዛ። አጭር ናት፤ የኋላ በሯ ከነመስታወቱ ወደ ላይ ይከፈታል። ቀይ ናት፤ ዝቅ ያለች ናት፤ ቸርኬዋ ሰፊ፣ ጎማዋ ስስ ነው። «የስፖርት መኪና ናት፤ ስትረግጣት ነው የምታውቃት» አለኝ፣ ገና ሰላምታውን ሳንጨርስ። ለሽማግሌዎቹ ግን ሌላ ነገር ነገራቸው። «ለጊዜው ናት፤ ትልቁን እስክገዛ ነው» አላቸው። ለእኔ ኮራባት፤ ለነሱ አፈረባት።

ጎረቤታችን የሆኑ አንድ አዛውንት በትራቸውን ተደግፈው ዞሯት። ጣሪያዋን በመዳፋቸው ዳሰሱት።

«ልጄ፣ ይቺ ስንት ሰው ትይዛለች?»

«አምስት፣ አባባ።»

«እህልስ?»

ልጁ የኋላውን በር ከፈተና መቀመጫውን አጥፎ አሳያቸው። «ሁለት ኩንታል አይከብዳትም፣ አባባ።»

«ታዲያ ምን አሳፈረህ?» አሉት።

እኚህ ሰው በሕይወታቸው መሪ ጨብጠው አያውቁም። የመኪና ጥያቄ እንዴት እንደሚጠየቅ ግን ከሁላችንም በላይ ያውቃሉ። ምን ትሸከማለች? ማንን ታደርሳለች? በቃ! እኛ የተማርንና ያየን የምንባለው ነን «ሰው ምን ይላል?» የሚለውን ያስቀደምን።

ይህ የክብር ጉዳይ ከሰማይ የወረደ አይደለም። በሐዲያ አገር ድሮ የሰው ክብር በከብቱ ቁጥር ይታወቅ ነበር፤ ከብቱ መቶ የሞላለት ሰው ደግሶ ስሙን ያስጠራ ነበር። አሁን ግጦሹ ጠበበ፤ ከብቱ አነሰ፤ ክብሩ ወደ ቆርቆሮ ቤት፣ ከቆርቆሮ ቤት ወደ ፎቅ፣ ከፎቅ ወደ መኪና ተዛወረ። ልዩነቱ አንድ ነው። ላም ታልባለች፣ ትወልዳለች፣ እበቷ እንሰቱን ያሳምራል። ከሆቴል በር ላይ ውሎ ማታ ቤቱ የሚገባ ላንድክሩዘር ግን የማንንም እንሰት አያሳምርም።

እዚህ ላይ የሚነሳብኝን ተቃውሞ አውቀዋለሁ። «መንገዳችንን ረስተኸው ነው? በዚህ ኮረኮንች ትንሽ መኪና ምን ታደርጋለች?» የሚለኝ ይኖራል። እውነት አለው። ወደ ጎምቦራና ወደ ሶሮ ገጠር ማዳበሪያ ለሚያደርስ፣ ከማሳ ዳር ድንች ለሚጭን፣ በክረምት ጭቃ ወላድ ለሚያወጣ ሰው ከፍ ያለና ጉልበት ያለው መኪና ቅንጦት ሳይሆን የሥራ ዕቃ ነው። በእሱ ላይ ቃል የለኝም። ቃሌ ከቢሮ ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ ከቤተ ክርስቲያን ወደ ሆቴል ለሚመላለሰው ነው። አስፋልትና ኮብልስቶን ላይ ብቻ የሚውለው መኪና ለየትኛው ጭቃ ነው ያን ያህል የገዘፈው?

ሁለተኛው ተቃውሞ «መኪና ንብረት ነው፤ ትልቁ ዋጋውን ይይዛል» የሚለው ነው። ይህ በአገራችን እንደ ጸሎት የሚደገም ነገር ነው። በሌላው ዓለም መኪና ከመሸጫው ቤት በወጣ በማግስቱ ዋጋው ይወርዳል፤ እኛ ዘንድ አሥር ዓመት ተነድቶ ከተገዛበት በላይ ይሸጣል። ተአምር ይመስላል። ግን መኪናው አይደለም የጨመረው፤ ብሩ ነው የቀነሰው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ሲለቀቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ቀናት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ያን ቀን ግቢው ውስጥ የቆመ አሮጌ መኪና ያለው ሁሉ ሀብታም የሆነ መሰለው። አልሆነም፤ ያችኑ መኪና ሸጦ ሌላ ያችኑ መሰል ነው የሚገዛው። መኪናን እንደ ባንክ ደብተር ማየት ከጀመርንበት ጊዜ አንስቶ ደግሞ መኪናን እንደ መኪና ማየት አቆምን፤ ፍሬኑን ከመመርመር ቀለሙን ማብረቅረቅ ይበልጥብናል፤ ገዢ የሚያየው ቀለሙን ነውና።

እንግዲህ «ስፖርት» ወደምትባለው ትንሽ መኪና ልመለስ። አብሮ አደጌን አልኮንነውም፤ የወደዳትን ከየት እንደወደዳት አውቃለሁ። ደቡብ አፍሪካ የትንሽ ፈጣን መኪና አገር ነው። ቮልስዋገን የመጀመሪያውን የጎልፍ አካል «ሲቲ ጎልፍ» ብሎ እዚያው እስከ 2009 እ.ኤ.አ. ሲሠራ ኖሯል፤ ፖሎ የምትባለው ደግሞ የምትሠራው ድሮ ኡይተንሃግ፣ ዛሬ ካሪኤጋ በሚባለው ከተማ ነው። የኛ ልጅ በፍርግርጉ ውስጥ ሆኖ ሲያያቸው የኖረው እነዚህን ነው። ሰው በስደት ያየውን ይመኛል፤ ኃጢአት የለበትም።

ግን ያየው ግማሹን ነው። የዚህች ዓይነት መኪና ታሪክ የሚጀምረው ከሩጫ ሜዳ አይደለም። በ1976 እ.ኤ.አ. ጎልፍ ጂቲአይ ስትወጣ ሞተሯ 1,600 ሲሲ ብቻ፣ ጉልበቷ 110 የፈረስ ጉልበት፣ ክብደቷ ከስምንት ኩንታል ብዙም የማይበልጥ ነበር። ሠሪዎቿ መጀመሪያ ያሰቡት 5,000 ብቻ ሊሸጡ ነበር፤ ገበያው ግን ጎረፈላቸው። ለምን? ሰኞ ሥራ የምታደርስ፣ ቅዳሜ አስቤዛ የምትጭን፣ እሑድ ደግሞ ነጂዋን የምታስደስት አንዲት መኪና በመሆኗ ነው። ሁለት መኪና መግዛት ለማይችል ሰው የተሠራች ነበረች። ቁም ነገሩ ድምፁ አልነበረም፤ ቁም ነገሩ አንዷ ሁሉን መቻሏ ነበር። እኛ ቁም ነገሩን እዚያው ትተን ጩኸቱን ብቻ ጭነን መጣን።

ቅልጥፍና ሌላ፣ ሩጫ ሌላ ነው። ቀልጣፋ መኪና ዳገት ላይ ከሚያቃስት ሲኖትራክ ኋላ ተሰልፋ ጭስ አትጠጣም፤ ቦታው ሲፈቅድ በአጭር ርቀት አልፋ ወደ ረድፏ ትገባለች። ይህ ለዕለት ተዕለት ኑሮ ይጠቅማል፤ አደጋም ይቀንሳል። ሆሳዕና ከባሕር ወለል በላይ 2,200 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ አየሩ ሳሳ ያለ ስለሆነ ተራ የቤንዚን ሞተር እዚህ ከጉልበቱ አምስተኛው ያህል ይጎድልበታል። የኤሌክትሪክ ሞተር ግን አየር አይተነፍስምና ከፍታው ምኑም አይደለም። ስለዚህ ለደጋ ከተማ ቀልጣፋ የኤሌክትሪክ መኪና ከማንም ይልቅ ትስማማለች። ይህን ያህል እመሰክርላታለሁ።

ወጪዋንም እንየው። እንዲህ ያለች ትንሽ መኪና 100 ኪሎሜትር ለመሄድ 12 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይበቃታል። የሆሳዕና ሰው በቀን ከ20 ኪሎሜትር በላይ አይነዳም እንበል፤ ይህ ሁለት ተኩል ኪሎዋት ሰዓት እንኳ አይሞላም። የእናቶቻችን የኤሌክትሪክ ምጣድ በሰዓት ሦስት ተኩል ያህል ይበላል። እንግዲህ የአንድ ቀን መንገዷ አርባ ደቂቃ እንጀራ የመጋገርን ያህል ነው ማለት ነው። ነዳጅ ማደያ በር ላይ ግማሽ ቀን የሚሰለፍ ሰው ይህን ሒሳብ ሲሰማ ምን ይሰማዋል?

ታዲያ እንዲህ ያለች ጠቃሚ መኪና በየት በኩል ትበላሻለች? በ«ስፖርቷ» በኩል ነዋ! የአብሮ አደጌ መኪና ሀቢቾ በገባች በሁለተኛው ቀን ጉድጓድ አገኛትና አንዱ ጎማዋ ተቀደደ፤ ቸርኬውም ተጣመመ። ጎሚስታው ቁጥሩን አይቶ ራሱን ነቀነቀ፤ «ይህን ዓይነት እዚህ አታገኝም» አለ። ጎማው ከአዲስ አበባ በሚኒባስ እስኪመጣ አራት ቀን ሙሉ፣ መስቀሉን ጨምሮ፣ ያች ቀይ መኪና በድንጋይ ተደግፋ ቆመች። ልጁ ሊጎበኛቸው የመጣቸውን ሰዎች በባጃጅ ዞረ።

ይህ የዕድል ነገር አይደለም፤ የሒሳብ ነገር ነው። የጎማ ጎን ላይ የተጻፈውን ቁጥር ማንበብ ለሚችል ግልጽ ነው። ወርዱ 225፣ ቁመቱ የወርዱ 40 በመቶ የሆነ ጎማ በቸርኬውና በመንገዱ መሐል ያለው ጎማ 9 ሳንቲሜትር ነው። ሰው የሚስቅባት ቪትዝ ላይ የተለመደው 165 በ70 ግን አሥራ አንድ ተኩል ሳንቲሜትር ነው። ያች ሁለት ተኩል ሳንቲሜትር ናት ጉድጓዱን የምትውጠው። ስሱ ጎማ ለለሰለሰ መንገድ የተፈጠረ ጌጥ ነው፤ እኛ አገር የተቀጠረው ጉድጓድ ላይ ነው። የናቅናት ቪትዝ አዲስ አበባን ሃያ ዓመት ያህል የተሸከመችው፣ ተማሪ ያመላለሰችው፣ ታክሲ ሆና ቤተሰብ ያስተዳደረችው ምንም ሳትመስል ነው። ውበቷ ማድረሷ ነው።

ጎማው ቢቀደድ ግን ጎማ ነው፤ ይተካል። የማይተካው ሌላ ነው። መንገዳችን የመኪና ብቻ አይደለም። ሰኞ ጧት ከሀቢቾ ይሁን ከሌላ የገጠር ሠፈር ወደ ከተማ የሚያስገባውን ጎዳና የሚሞላው ደብተር የያዘ ተማሪ፣ ቆጮ የተሸከመች ሴት፣ የተጫነ አህያና በግ የሚነዳ ልጅ ነው። የእግረኛ መንገድ በሌለበት አስፋልቱ የነሱም መንገድ ነው፤ እንዲያውም ከመኪናው በፊት የነሱ ነበር። በፖሊስ መዝገብ ላይ በሰፈረው ብቻ በአገራችን በየዓመቱ ከ3,000 የማያንስ ሰው በመኪና አደጋ ይሞታል። «ስትረግጣት ነው የምታውቃት» የሚለው ወዳጄ ይህንንም ይወቀው፤ በሰዓት 60 ኪሎሜትር የሚሄድ መኪና የሚመታው በ30 ከሚሄደው በእጥፍ አይደለም፤ በአራት እጥፍ ነው። በ90 ሲሆን ዘጠኝ እጥፍ ይሆናል። የኤሌክትሪኳ ደግሞ ድምፅ የላትም፤ ሲረግጧት ወዲያው ነው የምትወረወረው። አህያ ነጂው ልጅ ዞር ብሎ እስኪያይ አትጠብቀውም። ሩጫ የሚያምረው ሰው ካለ ሩጫ ሜዳ ይሠራ፤ የሰው ልጅ መመላለሻ ላይ ስፖርት የለም።

አሁን ደግሞ ወደ ሹማምንቱ ዞር ልበል፤ እነሱን ዘልዬ ድሃውን ነጂ ብቻ ብወቅስ ፍርደ ገምድል እሆናለሁ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ለአዲስ መኪና በሞተሩ ልክ ተመን ሲያወጣ፣ እስከ 1,300 ሲሲ 5 በመቶ፣ እስከ 1,800 ሲሲ 60 በመቶ፣ ከዚያ በላይ 100 በመቶ አለ። ጥሩ ሐሳብ ነበር፤ «ትንሽ ግዙ» ማለት ነበርና። በ2016 ዓ.ም. ጥር ላይ ደግሞ ከኤሌክትሪክ በቀር ሌላ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ተከለከለ፤ በዓለም ቀድመን እንዲህ ያደረግነው እኛ ነን ተባለ። ይህንንም አልቃወምም። ዶላር አውጥተን ቤንዚን ከምናቃጥል የራሳችንን ውኃ ብንነዳ ይሻላል።

ነገር ግን ውኃው የት ነው ያለው? የሐዲያን ምዕራባዊ ወሰን እየታከከ የሚወርደው ጊቤ ነው። ጊልገል ጊቤ አንድ በ1996 ዓ.ም. 184 ሜጋዋት፣ ጊቤ ሁለት በ2002 ዓ.ም. 420 ሜጋዋት፣ ጊቤ ሦስት በ2009 ዓ.ም. 1,870 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ይዘው ተመርቀዋል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀውን ሕዳሴን ስንጨምርበት «ኃይል የለም» የሚያስብል ምክንያት አይገኝም። ሆኖም ለሕዝብ የተተከሉት የመኪና ባትሪ መሙያ ጣቢያዎች በብዛት የተከማቹት አዲስ አበባ ውስጥ ነው። አብሮ አደጌ በቡታጅራና በወራቤ በኩል 230 ኪሎሜትር ያህል ለመምጣት ቡታጅራ አክስቱ ቤት ማደር ነበረበት፤ ባትሪውን የሞላው ከምጣዱ ሶኬት ነው። ተራው የቤት ሶኬት ሁለት ኪሎዋት ገደማ ነው የሚሰጠው፤ 30 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ በዚያ ሲሞላ ሌሊቱን ሙሉ ይፈጃል፤ መብራት ካልጠፋ ነው ይህም። ሆሳዕና ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል አንዷ መቀመጫ ናት። የክልል ከተማ ሆና እንግዳዋን «አክስት አለህ ወይ?» ብላ መጠየቅ አለባት? የጊቤን ውኃ ለሚያዩ ሰዎች የጊቤን መብራት ማሳየት ከአዋጁ መቅደም ነበረበት። ክልከላው በአንድ ቀን ወጣ፤ ሶኬቱ ግን መቼ እንደሚወጣ የሚነግረን የለም።

ይህን ሁሉ ያስጻፈኝ ግን መኪናዋ አይደለችም፤ ገንዘቡ ነው። አብሮ አደጌ መኪናዋን የገዛበት ገንዘብ ከምን እንደተሠራ የሐዲያና የከምባታ ሰው ሁሉ ያውቃል። በ2000 ዓ.ም. ግንቦት ላይ በደቡብ አፍሪካ በስደተኞች ላይ ጥቃት ሲነሳ የተዘረፈው ሱቅ ውስጥ የነማን ልጆች እንደነበሩ እናውቃለን። መጋቢት 15 ቀን 2012 ዓ.ም. ሞዛምቢክ ቴቴ ውስጥ አንድ የጭነት መኪና ሲፈተሽ በኮንቴይነሩ ውስጥ ታፍነው የሞቱ 64 ሰዎች ተገኙ፤ ኢትዮጵያውያን ናቸው ተባለ። እነዚያም መኪና ላይ ነበሩ። ወደ ደቡብ የሚወስደው መንገድ እንዲህ ነው። በዚህ መንገድ አልፎ የተገኘ ብር ተመልሶ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያርፈው ሰው በሚያይበት ብረት ላይ ከሆነ፣ ያየው ታናሽ ወንድም ነገ ተነስቶ ወደዚያው ኮንቴይነር እንደሚገባ ማን ይጠራጠራል? ጥቁር መስታወት ያለው መኪና በመንደር ውስጥ በቀስታ ሲያልፍ ከማንኛውም ደላላ የበለጠ ይሰብካል። «ይቺን ብቻ?» የሚለው አፍም ከደላላው ጋር አብሮ ይሠራል፤ ልጁ ያለውን ይዞ እንዳይቀመጥ፣ «ትልቁን እስክገዛ» ብሎ ተመልሶ እንዲሄድ ይገፋዋልና።

ስለዚህ ፍርዴ ይህ ነው። ትንሽ መኪና ግዙ፤ አትፈሩባት። ቀልጣፋ ብትሆን እሰየው። ስሱን ጎማ አውጡና ወፈር ያለውን አግቡላት፤ ሰፊውን ቸርኬ ሽጡት። የተረፋችሁን ብር ወፍጮ ላይ፣ ላም ላይ፣ የእኅታችሁ ትምህርት ላይ አውሉት። መኪናችሁን የመስቀል ዕለት ስንት ዓይን እንዳረፈባት ሳይሆን ሰኔ ላይ፣ ማንም በማያይበት ዝናብ፣ ስንት ሰው እንዳደረሰች ቁጠሩላት።

ያ ጎማ በአምስተኛው ቀን መጣና ተገጠመ። በዚያው ሌሊት የአዛውንቱ ምራት ምጥ ያዛት። ልጁ መቀመጫውን አጥፎ አስተኝቷት፣ በቀስታ፣ እያንዳንዱን ጉድጓድ እየዞረ፣ ሆሳዕና ንግሥት እሌኒ ሆስፒታል አደረሳት። በሰዓት ከ20 ኪሎሜትር አላለፈም። በማግስቱ ሳገኘው ስለ ፍጥነቷ አንድም ቃል አልተነፈሰም። «ትልቁን መቼ ትገዛለህ?» ስለው ሳቀና ቁልፉን ኪሱ ከተተ።

«ምን ያደርግልኛል?» አለኝ።